ካርታው ላይ «ለመኖሪያ» ይላል

ሰኞ

አቁሚ ተባልኩ። ከነገ ጀምሮ አንድም ሕፃን ግቢዬ እንዳይውል። የቀበሌው ሰው በር ላይ ቆሞ ነው የነገረኝ፤ ግባ ብለው እንኳ አልገባም።

«ካርታሽ ላይ ‹ለመኖሪያ› ይላል። አንቺ የሕፃናት ማቆያ ከፍተሻል። ጎረቤት አመልክቷል» አለኝ።

ስድስቱ ልጆች ሳሎን ምሳ እየበሉ ነበር። ከፈትሽ ይባላል እንዴ ይሄ? መጀመሪያ ሽንኩርት ሻጯ የሺ ገበያ ስትውል ልጇን ያዝኩላት። ጓደኛዋ ሰምታ የሷን አመጣች። ከዚያ ሌላዋ። እንዲህ እንዲህ እያለ ነው የበዛው። መዋዕለ ሕፃናት ያስተማርኩት ለዚህ ካልሆነ ለምን ይሆነኛል?

ማታ ለእናቶቹ ነገርኳቸው። የሺ ልጇን አዝላ ወጣች። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ማክሰኞ

ማዘጋጃ ቤት ሄድኩ። የመሬት ባለሙያዋ ወጣት ናት፣ ሰው ታዳምጣለች። መኖሪያ ሰፈር ውስጥ እንዲህ ያለ ሥራ ጨርሶ ክልክል አይደለም አለችኝ። ፈቃድ ይጠየቃል፣ ኮሚቴ ቦታውን ያያል፣ አጎራባች ይጠየቃል። ማመልከቻዬን እዚያው ጽፌ ሰጠሁ። ዓርብ ይመጣሉ።

«ጎረቤት ከተቃወመ ግን ይከብዳል» አለች።

ማን እንደሆነ ብጠይቃት ፋይሏን ዘጋች።

ስመለስ የሺን አየኋት። ሽንኩርቷን ዘርግታ ተቀምጣለች፤ ልጇ ጀርባዋ ላይ፣ ላስቲክ ደርባበት። ዝናቡ ያወርደዋል። አልተውም። ይህን ነገር አልተውም።

ረቡዕ

ጋሽ አያሌው ናቸው። የአጥር ጎረቤቴ! ራሳቸው አስቁመው ነገሩኝ።

«እኔ ነኝ ያመለከትኩ። ከሰው አፍ እንዳትሰሚ ብዬ ነው።»

ደሜ ፈላ። ጥያቸው ገባሁ። እናቴ የሞተች ጊዜ ድንኳኑን የተከሉት እሳቸው ነበሩ እኮ።

ባሌ ሀብታሙ ከቁይ ከተማ ደወለ። ባል እዚያ ሆኖ ሲያስተምር ምክሩም ከሩቅ ነው። «ተይው፣ ከጎረቤት ተጣልቶ ኑሮ የለም» አለኝ። አልተጣላሁም፣ አልተውምም አልኩት።

አንድ ነገር ግን ይከነክነኛል። ለምን ብዬ አልጠየቅኳቸውም።

ሐሙስ

ጠዋት ሄጄ ጠየቅኳቸው። ወደ መኝታ ቤት አስገቡኝ። ባለቤታቸው እትዬ ውድነሽ ደም ግፊት ከጣላቸው ወዲህ ግማሽ ጎናቸው አይታዘዝም። ይህን አውቃለሁ። ያላወቅኩት፣ አልጋቸው ያለበት ክፍል መስኮት ከግቢዬ በር አጠገብ መሆኑን ነው። እዚያው ቆሜ ሳለሁ ነፋስ የግቢዬን የቆርቆሮ በር አላተመው። እትዬ ውድነሽ ክው አሉ። በደህና እጃቸው ጆሯቸውን ደፈኑ፤ ቶሎም አላነሱትም።

«ጠዋት ስድስት እናት፣ ማታ ስድስት እናት» አሉ ጋሽ አያሌው። «ባጃጁም ጡሩምባውን ይነፋል። ልጆቹንስ ትወዳቸዋለች፤ በሩ ነው የገደላት።»

«ምነው ታዲያ ለእኔ ቢነግሩኝ፣ ጋሼ?»

«አንቺስ ስትጀምሪ መች ነገርሽን?»

እውነታቸውን ነው፤ አልነገርኳቸውም።

ከሰዓት በኋላ ጓሮዬን ዞር ዞር ብዬ አየሁት። በኋላ በኩል ሰፊው መንገድ አለ። እዚያ በር እንዳላወጣ የሚከለክለኝ የእናቴ ጌሾ ብቻ ነው። እሷ የተከለችው፣ ለበዓል ጠላ ሰፈሩ ሁሉ የሚቀጥፈው። መጥረቢያ አነሳሁ። እያለቀስኩ ቆረጥኩት። የሺ ከገበያ ስትመለስ አየችኝና ሳትጠይቀኝ ቅርንጫፉን ትጎትት ጀመር።

መዳፌ ተልጧል። ብዕር መያዝ አቃተኝ።

ዓርብ

መጡ። ባለሙያዋ፣ የቀበሌው ሰው፣ አንድ የሰፈር ሽማግሌ። የቀበሌው ሰው የተቆረጠውን ሲያይ «ጭራሽ ያለ ፈቃድ በር ልታወጪ ነው?» አለ።

«ጌሾ ነው የቆረጥኩት። አጥሩ እንዳለ ነው፤ እሱን እናንተ ስትፈቅዱ ነው የምነካው።»

አጥሩ ድረስ ወስጄ አሳየሁት።

ባለሙያዋ የከተማውን ፕላን አየች፤ የኋላው መንገድ ተሥሎበታል። ጋሽ አያሌው ተጠርተው መጡ። ካባቸውን ደርበዋል፣ ችሎት የሚቆሙ ነው የሚመስሉት።

«ልጆቹ በኋላ በር ከገቡ ተቃውሞ የለኝም። በፊት በር ከገቡ ግን በማግስቱ ቢሯችሁ ነኝ» አሉ። የመጨረሻዋን እኔን እያዩ ነው ያሏት።

ውሳኔው ሰኞ ነው።

ቅዳሜ

ሀብታሙ መጣ። የጌሾውን ቦታ ዞሮ አየ። ይቆጣል ብዬ ስጠብቅ ሸሚዙን አውልቆ የቀረውን ሥር ይነቅል ጀመር። በሩን ከእንጨት እናሠራዋለን አለ፣ እንዳይጮህ። ደስ አለኝ።

እሑድ

ቅዳሴ ቆሜ ሐሳቤ ማዘጋጃ ቤት ነበር። እግዜር ይቅር ይበለኝ።

ሰኞ

ተፈቀደ! ለአንድ ዓመት ብቻ፣ ለስምንት ልጆች ብቻ፣ በኋላ በር ብቻ። ዓመት ሲሞላ እንደገና አይተው ይወስናሉ። ያኔ ሰው ይቀየር ይሆናል፣ ፕላኑም ይቀየር ይሆናል፤ እንጃ። ለየሺ ገበያ ድረስ ሄጄ ነገርኳት። ሽንኩርቷን ጥላ አቀፈችኝ።

ወደ ጋሽ አያሌው ጎራ አልኩ። ሰምተዋል። እንኳን ደስ ያለሽ አላሉኝም። ልወጣ ስል ነው የጠሩኝ።

«ውድነሽ ልጆቹን ልያቸው ትላለች። አንድ አንድ እያደረግሽ አምጫቸው፤ እንዳይበዙባት።»

እሺ አልኳቸው። ከየሺ ልጅ እጀምራለሁ፤ እሱ ዝምተኛ ነው።