ያነከሰው ኮቴ

ጥቅምት 4፣ ሰኞ

ዛሬም ያው። ምግብ ቤት ገባሁ፣ ወንበሬ ላይ ተቀመጥኩ፣ ናፕኪን አጠፍኩ። ማንኪያ ወለወልኩ። ደግሞ ናፕኪን። ከላይኛው አዳራሽ የአስተናጋጅ ባልደረቦቼ ሳቅ ይሰማኛል፤ እኔ ከታች ከማንኪያ ጋር።

የግራ ጉልበቴ ሎሚ ከተሰበረ ክረምቱ እንዳለ አለፈ። ሙሉ ትሪ ይዤ ደረጃው ላይ አዳለጠኝና በጉልበቴ አረፍኩ። ትሪውን ግን አልለቀቅኩም። ብርጭቆ አንድ እንኳ አልተሰበረም። የምግብ ቤቱ ባለቤት እትዬ ይህን ለእንግዳ ሁሉ እያወሩ ይስቃሉ። አጥንቱ ገጥሟል ብሏል ሐኪሙ። ታዲያ ለምንድነው የማነክሰው?

ጥቅምት 9

እትዬ ጠሩኝ። "ኅዳር አጋማሽ ላይ ለላይኛው አዳራሽ ሰው እፈልጋለሁ። ቦታው ያንቺ ነው። ካልቻልሽ ግን ሌላ እቀጥራለሁ፤ እንዳትቀየሚኝ ልጄ።"

እችላለሁ ማለት ነበረብኝ። "እስቲ ልየው" አልኩ። ምን የማየው አለ... ልጅነቴን የጨረስኩት እዚያ አዳራሽ፣ በጠረጴዛ መሃል ስሽሎከሎክ ነው። ናፕኪን እያጠፍኩ ላርጅ?

ጥቅምት 13፣ ረቡዕ

ፊዚዮቴራፒ ነበረኝ። የምታሠራኝ ልጅ ናት፣ ቁጣዋ ግን የአክስት ነው። "ስትወጪ በደህናው፣ ስትወርጂ በታመመው ጀምሪ።" መውጣቱስ ይሁን። ስወርድ ጉልበቴ እንደ አሮጌ በር ይንቋቋል። "ካላመመሽ ይንቋቋ። ቁልቁል የመውረድ አቅም ሁሌም መጨረሻ ላይ ነው የሚመለሰው።"

ከዚያ ኮሪደሩን ወዲያ ወዲህ አስኬደችኝ። "ማንከሱን እኮ ትተሻል" አለች። አይ ደግነት። ለበሽተኛ ሁሉ እንዲህ ሳትል አትቀርም።

እኔ በጆሮዬ እሰማው የለ? ሥራ ቦታ ጫማዬ ላስቲክ ስለሆነ አይታወቅም። ማታ ግን ባሌ የስፌት ሱቁን ዘግቶ ይመጣና ክንዴን ይዞ በእግር ወደ ቤት እንሄዳለን። ክራንች ከያዝኩ ቀን ጀምሮ አንድ ማታ አልቀረም፤ ቀስ ስል ቀስ እያለ። ያኔ ይሰማኛል። ቋ... ሸርተት። ቋ... ሸርተት። ኮቴ አይዋሽም።

ጥቅምት 20

ጎረቤታችን "ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል" አለችኝ። ከተሰበርኩ ወዲህ ይህን ያላለኝ ሰው የለም። ቀጥሎ የሚለኝ ሰው ላይ እንቁላል ነው የምወረውረው።

ኅዳር 1

ብርድ። ጉልበቴ ከሬዲዮው ቀድሞ አወቀ።

ኅዳር 8

መንገድ ላይ ነገርኩት። "እትዬን አልችልም ልላቸው ነው።"

"ለምን?"

"ስሄድ አትሰማም እንዴ?"

ክንዴን ጠበቅ አድርጎ ያዘ። ከዚያ "እሰማለሁ" አለ። "ግን ማን ግድ አለው?"

እኔ ግድ አለኝ። በጣም ከፋኝ። እሱም ይሰማዋል ማለት ነው...

ኅዳር 15፣ እሑድ

ጉድ ነው።

ነገ ለእትዬ መልስ የምሰጥበት ቀን ነው። ስንመለስ ባሌ ዳቦ ሊገዛ ቆመ። ማንንም ማናገር ስላላማረኝ ትቼው ቀደምኩ። ድንጋይ የተነጠፈባት ጠባቧ መንገድ ላይ፣ ብቻዬን።

ቋ። ቋ። ቋ። ቋ።

ቆምኩ። እንደገና ሄድኩ። ያው ነው፤ እኩል እኩል። ሸርተቱ የት ሄደ?

ከኋላዬ መጣ። ቋ... ሸርተት።

ዞርኩ። ባሌ ዳቦውን ታቅፎ፣ ግራ እግሩን እየጎተተ።

"እግርህን ምን ሆንክ?"

"ምን ሆንኩ?"

"ታነክሳለህ።"

"እኔ?" ቁልቁል እግሩን አየው፣ የሰው እግር ይመስል። እስከ መብራቱ ምሰሶ ሂድና ተመለስ አልኩት። ሄደ፤ አነከሰ። ሲመለስም አነከሰ። መንገዱ ጠርዝ ላይ ተቀምጬ እንባዬ እስኪወርድ ሳቅኩ። ክንዴን ይዞ በእኔ እርምጃ ሲሄድ ከርሞ ተጋብቶበታል። እኔ ትቼዋለሁ፣ እሱ ይዞታል። ከአህያ ጋር የዋለች ጊደር ምን ተምራ መጣች ነበር የሚሉት? አህያዋ እኔ መሆኔ ነው።

ኅዳር 16

"እችላለሁ እትዬ" አልኩ።

"ትሪ ያዢ" አሉ። ውሃ የሞላ ብርጭቆ ደረደሩበት። ወጣሁ። ስወርድ በግራው ጀመርኩ፤ ሁለቱም እጄ ትሪው ላይ ነው፣ መደገፊያ የለ። ጉልበቴ ተንቋቋ። ውሃው አልፈሰሰም።

"አወራረድሽ ዝግ ያለ ነው።"

"አዎ እትዬ፣ ዝግ ብዬ ነው የምወርደው።"

"ይሁን። የቸኮለ እንግዳ ናፕኪን እያጠፈ ይጠብቃል።"

ታኅሣሥ 5

አዳራሹ ዛሬ ጢም ብሎ ዋለ። መንበርከክ አሁንም አልችልም፤ ብዙ ተቀምጬ ስነሳ ጉልበቴን ይገትረኛል። ግን ማን እንድቀመጥ ጊዜ ሰጥቶኝ?

ማታ ማታ ባሌን የማስኬደው እኔ ነኝ። "ተረከዝህን አስቀድም። መሬት መሬቱን አትይ።" ዳቦ የምንገዛበት ባለሱቅ ከመንገዱ ማዶ "የተሰበርሽው አንቺ አልነበርሽም እንዴ?" ይለኛል። ባሌም አፉን ሞልቶ "ቀስ በቀስ እንቁላል..." ብሎ ጀመረ። ቤት እንቁላል አልነበረም፤ ተረፈ።

ዛሬ ግን መንገዱን ሙሉ አላነከሰም። ሁለታችንም ደህና ነን። ክንዴን እስከ በራችን አልለቀቀም፤ እኔም ልቀቅ አላልኩትም።