ጅግራዋን በማን ስም ላርዳት

ታዬ ሆዴ፣

ከተለያየን ሁለተኛውን ፋሲካ ያለ አንተ ዋልኩ። ጊዜ ሐዘንን ያበርዳል ይሉኛል። የድሬን ሙቀት ያላበረደ ጊዜ የኔን እንዴት አድርጎ ያበርዳል?

ቤታችን ያው ሳቢያን ሰፈር ነው። ባጃጁ አሁን ደጃችን ድረስ ይገባል። ልጃችን ሰብለ አዳማ ሥራ ይዛ እዚያው ቀርታለች፤ በየቀኑ ትደውላለች፣ እኔም በየቀኑ ደህና ነኝ እያልኩ እዋሻታለሁ። ጠመንጃህን ከነፈቃዱ ለፖሊስ አስረክቤያለሁ። እሱ ይሰቀልበት የነበረው ሚስማር ላይ ነጠላዬን ሰቅያለሁ። ቤተ ክርስቲያን ስለማልሄድ አቧራ ጠጥቷል። ይኸው፣ ዋናውን ነገርኩህ፤ መጸለይ አቅቶኛል።

አንተ ጸሎት የተማርከው ከሁርሶ ወዲህ ባለው የግራር ቆላ ጅግራ ስታድን ነው ብል አትቆጣም፣ ራስህ ነበርክ የምትለው። ቀኑን ሙሉ በባቡር ጋራዡ ብረት ሲንኳኳበት የዋለ ጆሮ ዝምታ ከየት ያውቃል? ቅዳሴ ቆመህ ሐሳብህ መጋላ ገበያ ሲዞር ይውል ነበር። ግራር ሥር ግን ሐሳብህ ከሸፈተ እግርህ ይንቀሳቀሳል፣ ጅግራዋም ሰምታህ ትሄዳለች። ስለዚህ ዳዊትህን በልብህ እየደገምክ፣ ሳትነቃነቅ መቀመጥ ለመድክ። አንዲት ጥይት ብቻ ነበር የምትይዘው። ሁለት ከያዝኩ እጄ ይቀብጣል ትል ነበር።

በዐቢይ ጾም ደግሞ ጠመንጃውን ቤት ትተህ ትሄዳለህ። ያለ ዱቄት ሊጥ ልታቦካ ነው እያልኩ አሾፍብህ ነበር። አንድ ቀን ነገሩ ምን እንደሆነ ልይ ብዬ ተከተልኩህ። ከወንዙ አሸዋ መሀል የቀረች ትንሽ ውሃ አጠገብ ከድንጋይ ጀርባ ተቀመጥን። ፀሐዩ አናት ይበሳል፣ ሁለታችንም እህል አልቀመስንም። ጅግሮቹ ለውሃ መጡ። አንዷ የአንተ ጫማ ሥር ድረስ መጥታ አሸዋውን ጫረች። እጅህ ለመወርወሪያ ወደሚሆን ድንጋይ ሲሄድ አየሁት፤ ነካው፣ ትንሽ ቆየበት፣ ከዚያ ተመለሰ። ላብ ፊትህን አጥቦት ነበር። ወፎቹ ጠጥተው ሲሄዱ ወደ እኔ ዞረህ «አሁን ጾምኩ» አልከኝ። እኔ እስከዚያ ቀን ጾም ማለት ሥጋና ቅቤ አለመንካት ብቻ ይመስለኝ ነበር።

ትኩሳቱ ሲጥልህ ያስተማርከኝን ነው ያደረግሁት። አልጮህኩም፣ ከፈጣሪ ጋር አልተሟገትኩም። አጠገብህ ሳልነቃነቅ ዳዊት እየደገምኩ ጠበቅሁ። የመጣው ሞት ነው ታዬ። ከዚያ ወዲህ ዳዊቱን ስገልጥ አፌ ይተሳሰራል።

የአደን ባልንጀራህ፣ የመጋላው ጉሌድ፣ አሁንም ሱቁን እንደከፈተ ነው። ወድቃ ነፍሷ ሳይወጣ የደረሳችሁባትን ጅግራ አንተ ያንተን በስመ አብ፣ እሱ የሱን ቢስሚላሂ ብላችሁ ታርዱ፣ ለየብቻ ጠብሳችሁ ጎን ለጎን ትበሉ እንደነበር እሱም አልረሳም። በዘንድሮው ቅዳሜ ሹር ከሰዓት በኋላ እግሯ የታሰረ ጅግራ ይዞ መጣ። በወጥመድ ነው የያዛት።

«የሰብለ እናት፣ እኔ ካረድኳት አንቺ አትበዪም፤ ስለዚህ ከነነፍሷ አመጣኋት» አለኝ። «ታዬ ለፋሲካ ጅግራ ሳያስገባ ቀርቶ አያውቅም አቦ።»

በአገራችን ሴት አታርድም። ባል የሞተባት ሴት በየበዓሉ ደጅ ቆማ የሚያርድላት ወንድ ትጠብቃለች፤ ይህን የመበለት ዕጣ አንተ አታውቀውም። በቀኝ ያለው ጎረቤታችን ልጁ ዘንድ ሄዷል። በግራ ያሉት እንደ ጉሌድ ሙስሊሞች ናቸው። መንገዱን እያየሁ ቆየሁ፤ ሰው ሁሉ ወደየቤቱ ይቸኩላል፣ ማንን ብዬ ላስቁም? ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ቢላህን አወጣሁ። ክንፏን በእግሬ እንዳንተ ረገጥኩ። የፈጣሪ ስም ካልተጠራባት ሥጋዋ አይበላም፤ ያለዚያ ባልጠራሁት ነበር። በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አልኩ። አንተ ከሄድክ ወዲህ ከአፌ ሲወጣ የመጀመሪያው ነው።

ከዚያ ዝም ብዬ ጠበቅሁ። አንድ ነገር ይመጣልኛል ብዬ፣ ቢያንስ እንባ። እጄ ላይ ደም ነበር፣ ሌላ ምንም አልነበረም። አዛን ሲሰማ፣ እስካርድ አብሮኝ የቆየው ጉሌድ ከጓሮው ቧንቧ ታጥቦ ግቢያችን ውስጥ ሰገደ። ከጌታው ጋር ያለው ነገር እንዳለ ነው። ቀናሁበት።

በማግሥቱ ሊጠይቀኝ ሲመጣ፣ በስመ አብ የታረደችውን የጅግራዋን ወጥ ላቀርብለት አልችልም። ሻይ ሰጠሁት። እሱ ሻዩን ይዞ ፊት ለፊቴ ተቀመጠ፤ እኔ እስክጎርስ አልጠጣም አለ። ጎረስኩ። እሱም ሻዩን ፉት አለ። እንደዚያ ነው ጾሙን የፈታሁት።

ታዬ፣ የእምነቴ ነገር አይታወቅም፤ ላይመለስም ይችላል። ለመጪው በዓልም ቢላውን ይዤ ያንኑ ስም በደረቅ አፍ እጠራው ይሆናል። ያንተን ስም ስጠራ ግን አፌ አይተሳሰርም። ጠዋት ስነሳ እጠራሃለሁ፣ ማታ በሩን ስዘጋ እጠራሃለሁ። የፈጣሪን ስም ከልቤ ለመጥራት አቅም እስካገኝ ድረስ፣ ካላገኘሁም እስክሞት ድረስ፣ ጸሎቴ ያንተ ስም ነው።

ባለቤትህ