ሁለቱን ብልቃጥ ለይተው ያውቁ የነበሩት የመድኃኒት ቀማሚ የሕይወት ታሪክ

የሰፈሩ ሰው «ጋሽ ሚዛን» የሚላቸው አባታችን ከአናጺ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው በ1946 ዓ.ም. ተወለዱ። የቤቱ የበኩር ልጅ ሲሆኑ ከእርሳቸው በታች አንድ ወንድም ብቻ ነበራቸው።

የመድኃኒት ቅመማ ተምረው በ1968 ዓ.ም. በሆስፒታል ተቀጠሩ። በ1971 ዓ.ም. ከእናታችን ጋር ጎጆ ወጥተው ሦስት ልጆች አፍርተዋል። ስኳር እንኳ ሳይመዝኑ አይጨምሩም እያለች እናታችን ታማቸው ነበር፤ እውነቷን ነው።

በ1987 ዓ.ም. ሆስፒታሉ ለጉበት ሕመም አንድ ቅጠል ሲሞክር፣ እንክብሉን የማዘጋጀቱ ኃላፊነት ለእርሳቸው ተሰጠ። ለግማሹ ሕመምተኛ የቅጠሉ ዱቄት፣ ለግማሹ በመልክም በምሬትም ከዚያ የማይለይ መድኃኒት የሌለበት ባዶ ዱቄት በእንክብል ተሞልቶ በብልቃጥ ይታደል ነበር። ለማን የትኛው እንደሚደርስ የሚወስነው ዕጣ ነው። ሐኪሞቹም ሕመምተኞቹም አያውቁም። የሚያውቁት አባታችን ብቻ ነበሩ፤ ላይናገሩም ፈርመዋል።

ጉበታቸውን የታመሙትን ወንድማቸውን ለምነው ወደ ሙከራው ያስገቡት እርሳቸው ናቸው። ለወንድማቸው ባዶው ደረሳቸው።

አጎታችን ሰኞ ሰኞ ወደ መድኃኒት ክፍሉ መስኮት እየመጡ፣ «ጋሼ፣ እጅህ ይባረክ፤ ይኼ መድኃኒትህ እኮ የምግብ ፍላጎቴን ከፈተልኝ» ይሉ ነበር። አባታችን ብልቃጡን ያቀብሏቸዋል። አንድ ሰኞ ብልቃጡን ከሌላ ሕመምተኛ ብልቃጥ ጋር ሊለዋውጡ እጃቸውን ዘርግተው፣ ያም ሰው ወንድም ይኖረው ይሆናል ብለው እጃቸውን እንደሰበሰቡ፣ ከብዙ ዓመት በኋላ ለእናታችን ነግረዋታል።

አጎታችን በዘጠነኛው ወር ዐረፉ። ጥናቱ ሲያበቃ ቅጠሉን ከወሰዱት መካከል የዳኑም ያልዳኑም ተገኙ። አጎታችን ወስደውት ቢሆን ከየትኞቹ ይሆኑ እንደነበር ለአባታችን ሊነግራቸው የቻለ የለም። ከዚያ ወዲህ ሰኞ በር ሲንኳኳ «እሱ ነው» ብለው ይነሱ ነበር። እኛ በእንግዳ ፊት እናፍርባቸው ነበር፤ ዛሬ የምናፍረው በራሳችን ነው።

የወንድማቸውን ሁለት ልጆች ከእኛ ሳይለዩ አሳድገው ለወግ ለማዕረግ አብቅተዋል። የባዶውን ዱቄት ነገር ግን ከእናታችን በቀር ለማንም ሳይነግሩ ሆድ ይፍጀው ብለው ኖሩ።

በልብ ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ሚያዝያ 9 ቀን 2015 ዓ.ም. በተወለዱ በ69 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። ባለቤታቸውን፣ ሦስት ልጆቻቸውንና እናንተን የወንድማቸውን ልጆች ትተው ሄደዋል። አፈር ሳይለብሱ ይህ ሁሉ በፊታችሁ እንዲነበብ ያዘዙት እርሳቸው ናቸው፤ እናንተም የምትሰሙት ገና አሁን ነው። «ነፍስ ይማር» የሚለውን ቃል እኛ እዚህ አልጻፍነውም። ለእናንተ ትተነዋል።