እናትሽ «እሺ» ማለት ጀመረች

ማክሰኞ ከሰዓት፣ ጥር 12

ሚጣዬ፣ የዓይኔ ማረፊያ፣

እንዴት ከረምሽ? እኔ ደህና ነኝ። ደህና ነኝ ስልሽ ግን አትመኚኝ፤ ሰሞኑን በዚህ ቤት የሚታመን ሰው የለም።

ያ ስንት ዓመት አስም ነው እየተባልኩ መድኃኒት የሳብኩለት ሲር ሲር የሚል ትንፋሼ፣ ለካ አስም አይደለም። መነጽሩ ከፊቱ የሚበልጠው አዲሱ ሐኪም ጉሮሮዬን አደንዝዞ፣ ጫፉ ላይ ካሜራ ያለው ተጣጣፊ ቀጭን ቱቦ በአፍንጫዬ አስገባ። የአየር ቧንቧዬ ውስጥ እባጭ በቅሎ መተላለፊያው የሸሚዝ ቁልፍ ቀዳዳ አክሏል። በዚያው ቱቦ ቁራጭ ቆንጥሮ ለምርመራ ላከ፤ የቀረውን በሙቀት እያቃጠለ አነሳው። ከዚያ ወዲህ ደረጃውን ሳላርፍ እወጣለሁ፤ መቼም አልዋሽም።

«ታዲያ ምንድን ነው?» ስለው «ውጤቱ ይምጣ፣ አባቴ» አለኝ። መልሱ ለእኔ፣ ዓይኑ ግን እናትሽ ላይ! ኋላም ኮሪደር ላይ ጠርቶ አንሾካሾከላት። ምን አለሽ ስላት «ሾርባው ቀዝቀዝ ይበልለት ነው ያለኝ» አለች። ለሾርባ ይንሾካሾካል እንዴ? እኔን ነው የምታታልለው!

ይብስ ያስጠረጠረኝ ግን ሌላ ነው። እናትሽ መጨቃጨቅ ተወች። ክር ምንጣፉ ላይ ስበትን እሺ፣ ሬዲዮ ሳስጮህ እሺ። ያቺ ሴት እኮ ስንጋባ እንኳ እሺ ለማለት ዓመት ሙሉ ያስለመነችኝ ናት! ለጤነኛ ባል እንዲህ አይታዘዙም።

አንቺስ ብትሆኚ? እሁድ እሁድ ብቻ ትደውዪ የነበርሽው አሁን በየቀኑ ሆነሻል። ያውም ግራ እጅጌውን በቀኝ የሰፋሁትን ኮት ታሪክ እስከ መጨረሻው ሰማሽልኝ። ድሮ «አባዬ፣ ሥራ ላይ ነኝ» ብለሽ ጆሮዬ ላይ ትዘጊው ነበር። ማን ምን ነገረሽ? ካንሰር ነው? እውነቱን ጻፊልኝ። ፈርቻለሁ ልጄ። ሁላችሁ አውቃችሁ እኔ ብቻ ሳላውቅ እንዳልሄድ ነው የፈራሁት።

ረቡዕ

ትናንት እዚህ ላይ ደክሞኝ አቆምኩ። ዛሬ ጠዋት እናትሽ «ገበያ ደርሼ ልምጣ» ብላ ወጣች፤ ያለ ዘንቢል። ገበያ አይደለም አልኩና ወንበሬን ወደ በሩ አዙሬ ጠበቅኳት። ገባች። ቆመች። ምንጣፉን አየችው።

«አንተ ሰውዬ! ይህን ሁሉ ክር ማን እንዲለቅምልህ ነው? ቤቱን እኮ ጉድ አደረግከው! ሬዲዮውንስ አትቀንሰውም? ሰፈሩን አደነቆርከው!»

ሚጣዬ፣ ጆሮዬን ጥዬ አዳመጥኳት። የለበጣ አልነበረም፤ ከልቧ ነው። ቁጣው መሃል ላይ «ሐኪሙ ክፉ እባጭ አይደለም ብሏል፤ ተመልሶ እንዳያድግ ግን በየጊዜው በቱቦው ያየዋል» አለችና ወደ ክሩ ተመለሰች። ተንበርክኬ ክር ስለቅም እንባዬ መጣ። እሷም አጠገቤ ተንበርክካ ትለቅማለች፤ አፏ ግን አላረፈም።

አንቺም ሳትሰሚ አልቀረሽም፤ ዛሬ አልደወልሽም። ይሁን፣ ሥራሽን ሥሪ። የምታንኳኪው በር ሁሉ ይከፈትልሽ፣ የምትውዪበት ሁሉ ሰው አትጪ።

ስልኩን ግን በአንድ ጊዜ አታቋርጪው፣ ልጄ። ቀስ እያልሽ ቀንሺው።

አባትሽ፣ ልብስ ሰፊው