የአየር ጤና ዝናብ በእማዬ ራስጌ

ኮልፌ ቀራንዮ፣ ዘነበወርቅ
ግንቦት 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለእህቴ፣

አስቸኳይና አሳዛኝ መግለጫ፦ የእማዬ ሬዲዮ አንቴና ከረጅም ሕመም በኋላ ከወገቧ ተቆርጣ ከዚህ ዓለም በሞት ተለይታለች። በፕላስተር ስትታሰር፣ በሽቦ ስትደገፍ፣ በመስኮቱ ብረት ላይ ስትንጠለጠል ኖራ፣ በመጨረሻ ትራስ ወድቆባት አረፈች። ሥርዐተ ቀብሯ ከሶፋው ሥር ተፈጽሟል። በሕይወት የቀረነው ቤተሰቦች፣ ማለትም እኔና እማዬ፣ ለአንቺም መጽናናትን እንመኛለን።

አሁን ወደ ሰላምታው ልመለስ። እንዴት ነሽልኝ? ጅማ እንዴት ይዞሻል? ያ ሳልሽ ለቀቀሽ ወይስ እንደ አከራይሽ ጓዙን ጠቅልሎ ገባ? እኔ ጌታ ይመስገን ደህና ነኝ፤ እቆማለሁ፣ እሄዳለሁ፣ ሲጠሩኝ «አቤት» እላለሁ። ጠዋት እማዬን አጣጥቤ፣ አጉርሼ፣ መድኃኒቷን ሰጥቼ፣ አየር ጤና የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ የቀረውን እንቅልፌን እጨርሳለሁ። ወረዳ ገብቼ ለሕዝብ ማስታወቂያ እጽፋለሁ፤ ውኃ እንደሚጠፋ፣ ስብሰባ እንደሚኖር፣ ባለፈው ማስታወቂያ የተገለጸው ቀን ስህተት እንደነበር። ከዚያ ተመልሼ እንደገና አጣጥባለሁ። ደክሞኛል፣ እህቴ። ይህን የምጽፈው እንድታዝኚልኝ አይደለም፤ ትንሽ ብታዝኚ ግን አልከለክልም።

በስልክ እንዳልነግርሽ አንቺን አውቅሻለሁ። «እሷ አጠገብህ ናት?» ትያለሽ፤ «አዎ» ስልሽ ድምፅሽን ዝቅ ታደርጊና «በል በኋላ» ብለሽ ትዘጊዋለሽ። ኋላው ደግሞ መጥቶ አያውቅም።

ለምን ዝቅ እንደምታደርጊው ይገባኛል። የዘፈን አልበምሽ የወጣ ሰሞን እማዬ ሳሎኑ መሐል ቆማ፣ የኮልፌ ገበያ የኮረሪማ ከረጢቷን ገና ከትከሻዋ ሳታወርድ፣ «ይሄ ድምፅ ሁለተኛ በዚህ ቤት አይሰማ!» አለች። ሌላ ሰው ቢሆን ተኳርፎ፣ አልቅሶ፣ ለገና ዶሮ ይዞ ይመለሳል። አንቺ ግን ቃሏን እንደ አዋጅ ተቀበልሽው። እማዬ «ድምፅ» ስትል ዘፈኑን ነበር፤ አንቺ የሰማሽው ጉሮሮሽን ነው። ሻንጣሽንም ጉሮሮሽንም ይዘሽ ወጣሽ። ይኸው እስከ ዛሬ እዚህ ቤት «ደህና አደራችሁ» እንኳ ብለሽ አታውቂም። የሴት ልጅ ግትርነት ውድድር ቢኖር ወርቁን አንቺ፣ ብሩን እማዬ፣ ታዛቢነቱን እኔ እንወስድ ነበር።

ለነገሩ አልበሙም ዕድለ ቢስ ነበር። አገር በሙሉ ሚሊኒየም ብሎ ቢጫ ቲሸርት ለብሶ በሚዘልበት ዓመት፣ አንቺ ጃንጥላ ይዘሽ ፌርማታ ላይ የቆምሽበትን ፎቶ ለጥፈሽ «የአየር ጤና ዝናብ» ብለሽ ብቅ አልሽ። ለሠርግ አይሆን፤ ለጭፈራ አይሆን፤ ትከሻ ላንቀጥቅጥ ብሎ የተነሣ ሰው ሐሳብ ይዞት ይቀመጣል። ለለቅሶ እንዳንጠቀምበት ደግሞ ሙዚቃ ክልክል ነው። ያልተሸጠውን ሲዲ ጎረቤቱ በየጓሮው ወፍ ማባረሪያ አደረገው። እኔም ያኔ ሰፈሩ ሲስቅ አብሬ ስቄያለሁ፤ አንቺም ስቀሻል፤ የሳቅሽው ግን በአፍሽ ብቻ መሆኑን ከእኔ በቀር ማንም አላየም።

ታዲያ ምን ሆነ መሰለሽ። አንቴናዋ ስትሞት የእማዬ የመዝሙር ፕሮግራም አብሮ ሞተ። ዓይኗ እንደሆነ ከስኳሩ ወዲህ መጽሐፍ ቅዱሷን እንኳ በጣቷ ነው የምታየው። ሬዲዮዋ ጎኗ ላይ ፍላሽ የምትጎርስበት ቀዳዳ አላት፤ ስለዚህ አየር ጤና ሄጄ ሙዚቃ የሚሞላውን ኑሕን «ለታመመች እናት የሚሆን መዝሙር ሙላልኝ፤ ረጋ ያለ ይሁን» አልኩት። ሞላልኝ። እቤት ገብቼ ሰካሁት። የመጀመሪያው አለፈ፤ ሁለተኛው አለፈ፤ ከዚያ አንድ ሳክስፎን፣ ቀጠሮ የቀረበት ሰው እንደሚያፏጨው እያፏጨ ገባና አንዲት ሴት «ደጅህ ላይ መሽቶብኛል፤ ማለፍህ ካልቀረ እንኳ ቀስ ብለህ እለፍ» አለች።

የአጥሚቱን ኩባያ እንደያዝኩ ደረቅሁ። አንቺ ነሽ። መዝሙር ብሎ በሞላው ፍላሽ ውስጥ፣ ከመጋቢዎቹና ከኅብረ ዝማሬዎቹ መሐል፣ አንቺ ከነጃንጥላሽ።

ሬዲዮውን ልዘጋ እጄን ስዘረጋ እማዬ ዓይኗን ጨፍና «አሜን፣ ቀስ ብለህ እለፍ ጌታዬ» አለች። እጄ እዚያው አየር ላይ ቀረ።

በማግስቱ ኑሕ ጋ ተመልሼ «ይሄ ዘፈን ነው እኮ! ምን ብለህ መዝሙር ውስጥ ከተትከው?» አልኩት። ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ፣ «ወንድሜ፣ እኔ ሙስሊም ነኝ፤ በምን ልለየው? የሚያስጨፍረውን ዘፈን፣ የሚያስለቅሰውን መዝሙር እላለሁ። እስከ ዛሬ አንድ ሰው መልሶልኝ አያውቅም» አለኝ። ቃላቱን አልሰማህም ወይ ብዬ ብጠይቀው፣ «ሰምቻለሁ እንጂ! አንተ፣ አንተ፣ አንተ ትላለች። በዚህ ሰፈር እንዲህ የሚለመን ወንድ አለ እንዴ?» አለኝ። አሰብኩት። አላገኘሁም። ሒሳቤን ከፍዬ ወጣሁ።

ከዚያ ወዲህ እማዬ ሲነጋ የምትለው አንድ ነገር ነው፦ «አንተ ልጅ፣ ያቺን ልጅ ክፈትልኝ።» ሌሎቹን ዘማሪዎች በስማቸው ትጠራለች፤ አንቺ «ያቺ ልጅ» ነሽ። የማን ድምፅ እንደሆነ አታውቅም፤ ይህንንም የወረዳው ማስታወቂያ ክፍል በሙሉ ኃላፊነት ያረጋግጣል። እኔ ደግሞ፣ ሳልወድ፣ አልበምሽን በየቀኑ መስማት ያዝኩ። እግሯን እያሸሁ እሰማዋለሁ። አንሶላ እየቀየርኩ እሰማዋለሁ። ያኔ ቀርፋፋ ያልነው አሁን ልክ በምሄድበት ፍጥነት ነው የሚሄደው። ለካ ደክሞት የማያውቅ ሰው አይሰማውም ኖሯል! ከሁሉ የከፋው ደግሞ ቆንጆ መሆኑ ነው። ይህን ቃል ያለ ፌዝ ስጽፍ እስክሪብቶዬም እንግዳ ነገር ሆኖባታል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። ሐኪሙ ባለፈው መድኃኒቷን ቀነሰላት። «ምቾቷን ብቻ ጠብቁ፤ የወደደችውን ትብላ» አለኝ። እህቴ፣ በዚህ አገር መድኃኒት ተቀነሰ ተብሎ እልል አይባልም። የስኳር በሽተኛ «የወደድሽውን ብዪ» ስትባል ምን ማለት እንደሆነ ላንቺ ማብራሪያ አልጽፍልሽም።

ይህን የሰሙ የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት ሊጸልዩላት መጡ። ጋሽ መኳንንትን ታስታውሻቸዋለሽ፤ አልበምሽ የወጣ ጊዜ ስለ ዓለማዊ ዘፈን ሁለት እሑድ የሰበኩት ሽማግሌ። እሳቸው ራስጌዋ ቆሙ። ጎረቤታችን እትዬ ሰብሌም ነጠላዋን አጣፍታ «እኔ ኦርቶዶክስ ብሆንም ለጸሎት አይመረጥም» ብላ ግርጌዋ ተቀመጠች። ሬዲዮው ዝቅ ብሎ ይዘፍናል። ይቅርታ፣ ይዘምራል። «ደጅህ ላይ መሽቶብኛል» ሲል ጋሽ መኳንንት እጃቸውን ዘርግተው «አሜን! ኦ ጌታ!» አሉ። እንባቸው ወረደ። እኔ ግድግዳውን ይዤ ሳቄን ይሁን ልቅሶዬን ዋጥኩ።

ያልተዘጋጀሁበት ቀጣዩ ዘፈንሽ ነበር። እኔ ብቻዬን ከእማዬ ጋር ስሆን እሱን ሁልጊዜ አልፈዋለሁ፤ በዚያ ቀን ግን ሬዲዮው ከጀርባቸው ስለነበር አልደረስኩበትም። አንቺም ዘፈንሽው፦

ዝናብ አይደለም የቆርቆሮው ጩኸት፣
እኔ ነኝ የማንኳኳው፤ ክፈቺልኝ።

የጋሽ መኳንንት እጅ መሐል ላይ ቆመ። «ክፈቺ?» አሉ። «ማን ናት የምትከፍተው?»

እትዬ ሰብሌ ፊቷ በርቶ፣ «እመቤቴን ነዋ የምትለምነው! ሌላ ማን አለ? እናንተም በመጨረሻ ገባችሁ!» አለች።

«እኅቴ ሰብሌ፣ በአክብሮት፣ ይሄ የእኛ መዝሙር አይደለም ማለት ነው» ብለው ጋሽ መኳንንት ወደ ሬዲዮው ዞሩ። እኔን አዩኝ። እኔ ኮርኒሱን አየሁ። በሕይወቴ ሙሉ ማብራሪያ ስጽፍ ኖሬ አንድ መስመር ጠፋኝ። ጣታቸው ቁልፉ ላይ ደረሰ።

ያኔ ከሰሞኑ ከሹክሹክታ በላይ ተናግራ የማታውቀው እማዬ፣ እንደ ድሮዋ፣ ኮልፌ ገበያ ሚዛን ሲያጭበረብሯት በምትጮኸው ድምፅ፣ «ጋሽ መኳንንት፣ ይተዋት! ትጨርስ!» አለች።

«እናታችን፣ ክፈቺልኝ እኮ ነው የምትለው።»

«ለቤተ ክርስቲያን ነው። ቤተ ክርስቲያን ሴት አይደለችም? ሙሽራ ናት ብለው እርስዎ አይደሉ ያስተማሩን?»

ጋሽ መኳንንት ትንሽ አሰቡና ፊታቸው ፈካ። «ሙሽራይቱ! እውነትም! ሙሽራይቱን ነው!» እትዬ ሰብሌ አኮረፈች። ዘፈኑ እስከ መጨረሻው ሄደ። እማዬ ዓይኗን አልጠረገችም፤ እንባዋን እንዲያው እንዲወርድ ተወችው። ሰዎቹ ሲወጡ «መልሰው» አለችኝ። «የቱን?» አልኳት። «የሙሽራይቱን» አለች፤ ፈገግታዋ ግን የመንፈሳዊ ሰው ፈገግታ አልነበረም።

እንግዲህ ፍርዱን ላንቺ እተዋለሁ። እኔ የማውቀው ይህን ብቻ ነው፦ «በዚህ ቤት አይሰማ» የተባለው ድምፅ ከሽንት ቤቱ እስከ ማድቤቱ ይሰማል፤ ሽማግሌዎች አሜን ብለውበታል፤ አዋጁ በተግባር ተሽሯል። የቀረችው የድምፁ ባለቤት ናት። ነይ አልልሽም፤ አንቺን ነይ ማለት ሂጂ ማለት እንደሆነ አባታችን በሕይወት ሳለ ነግሮኛል። ግን አልጋሽ እንዳለ ነው፤ ላዩ ላይ የተቆለለውን የእኔን ልብስ አነሣዋለሁ። እኔም አንድ ቀን ሰው ተክቶልኝ እስኪበቃኝ ብተኛ ደስ ይለኛል። ከእማዬ የተላከ መልእክት የለም።

ጌታ ጉሮሮሽን ከብርድ፣ ልብሽን ከግትርነት ይጠብቅልሽ፤ ሁለተኛው ከእናትሽ የወረስሽው ስለሆነ ብርቱ ጸሎት ይፈልጋል። ከጅማ ጉም አውጥቶ በሰላም ያሳይሽ፣ ያሳየን።

በእንቅልፍ እጦት የሚወድሽ
ወንድምሽ

እርምት፦ ከዚህ በላይ «ከእማዬ የተላከ መልእክት የለም» ተብሎ የተገለጸው ስህተት ስለሆነ ተሰርዟል። ፖስታውን በምላሴ አርጥቤ ሳሽግ ድምፁን ሰምታ «ለማን ነው የምትጽፈው?» ብላ ጠየቀችኝ፤ «ለመሥሪያ ቤት ነው» አልኳት። ትክክለኛው እንደሚከተለው ይነበብ፦ «ለመሥሪያ ቤቱ ጨምርበት፤ ክረምቱ ሳይገባ ትምጣ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ከጀመረው፣ ማን እንደሚያንኳኳ መለየት አልችልም።»