ባለሙያ ነኝ አልኩ

ሰኞ፣ ጥቅምት 4

ልብስ አጥቤ አሰጣሁ። የሲሚንቶ መኪና አለፈና አቧራ አለበሰው። ደግሜ አጠብኩ። ሌላ መኪና መጣ... ተውኩት።

መኪኖቹ የሚገቡት አያቴ ጤፍ ይዘራበት ወደነበረው ማሳ ነው። አሁን በቆርቆሮ ታጥሯል፤ የመንግሥት ትምህርት ቤት ሊሠራበት መሠረቱ ወጥቷል። እሰየው፣ ይሠራ። ግን የቂሊንጦው ሥራችን ካለቀ ወዲህ እኔ ቤት ነው የዋልኩት። ፌራዮ ነኝ። ፌሮ ቆርጬ፣ አጥፌ፣ በሽቦ አስሬ የማቆም። ደጃፌ ላይ ሕንፃ እየተሠራ ልብስ ላጥብ?

ከሰዓት የወረዳው መኪና በድምፅ ማጉያ እየለፈፈ ዞረ። የአካባቢው ነዋሪ በቅድሚያ ይቀጠራል፣ መታወቂያ ይዛችሁ ቅረቡ... እማ ሰማች። ዞራ አየችኝ።

«ደግሞ ልትሄጂ ነው?»

ልሄድ ነዋ!

ረቡዕ፣ ጥቅምት 6

ተመዘገብኩ። ሰልፉ እስከ አስፋልቱ ደርሶ ነበር። ከኋላዬ የቆሙት ወንዶች ሲገፉኝ እኔም በክርኔ ስገፋ ደረስኩ።

መዝጋቢዋ ቀና እንኳ ሳትል፣ «የቀን ሠራተኛ?»

«አይ። ባለሙያ ነኝ።»

ኮራ ብዬ ነው ያልኩት። ጻፈች። «ሰኞ ሳይቱ ጋ ሂጂ።» በቃ።

እማ ቅዝዝ ብላ ዋለች። እኔ ግን የሥራ ጫማዬን ቦረሽኩ። ፒንሳዬ ዝጎ ነበር፣ ዘይት ቀባሁት።

ሰኞ፣ ጥቅምት 11

እስክሪብቶው ወረቀቱን እስኪበሳ ተጭኜ ነው የምጽፈው። ከንዴት!

ፎርማኑ አሻግሬ ይባላል። ግንባታውን የያዘው ድርጅት ከሌላ ቦታ ነው ከነሠራተኛ ልጆቹ ያመጣው። ስሜን ስነግረው ፊቱ በራ። «ጎሽ! ባለሙያዋ አንቺ ነሽ? ዲንቄ? ስንጠብቅሽ ነበር። በኋላ በኩል ግቢ።» እኔም ደስ ብሎኝ ፌሮ የሚታጠፍበት ቦታ ነው ብዬ ሄድኩ። በቆርቆሮ የተሠራች ክፍል። ጭስ። ድስት። አንዲት ወፍራም ሴትዮ፣ እትዬ የሺሐረግ፣ ቢላዋ አቀበለችኝ።

«ነይ፣ ሽንኩርቱን ላጪልኝ።»

ወጥ ቤት! ባለሙያ ነኝ ስላልኩ ወጥ ቤት!

እንዴት አልታየኝም? ሳይት ላይ ሰው ሁለት ዓይነት ነው፤ ባለሙያና የቀን ሠራተኛ። እኔ በሳይት ቋንቋ ተናገርኩ። እነሱ ግን ሴት «ባለሙያ ነኝ» ስትል ዶሮ ወጥ ነው የሚታያቸው። ፌራዮ የምትል ቃል ብጨምር ምን ነበረበት...

ተመልሼ ሄድኩ። ፌራዮ ነኝ አልኩት። ሳቀ። «ለፌራዮ የራሴ ልጆች አሉኝ እህቴ። ለአካባቢው የተተወው ሸክምና ወጥ ቤት ነው።»

ወረዳ ሮጥኩ። የቅድሚያ ዕድል ለአንድ ሰው አንዴ ነው አሉኝ። ከተውኩት ሌላ ሰው ይተካብኛል፤ እዚህ ሳይት ዳግም አልመዘገብም። ዝም ብዬ ከሠራሁ ደግሞ ወጥ ሠሪ ሆኜ ቀረሁ።

ስለዚህ አልወጣም። ዝምም አልልም።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 12

ሽሮ አሳረርኩ። ሆን ብዬ ነው ብል ደስ ይለኝ ነበር። አይደለም፣ አልችልበትም።

እማ ግን ምን አለች? «ተመስገን! ጥላ ሥር ዋልሽልኝ። ያ ዝገት ከእጅሽ ይልቀቅ፤ ማን ያውቃል...» ማን ያውቃል ምን? ባል ይመጣል? ድስት አይቶ የሚመጣ ባል ድስቱን ያግባ።

ይህን አፍ አውጥቼ አልኳት። አኮረፈች። ታኩርፍ።

ዓርብ፣ ጥቅምት 15

ጉድ ሰማሁ!

አባባ ቀጀላ መንገድ ላይ አስቆሙኝ። ማሳቸው ከአያቴ ማሳ ጋር ድንበርተኛ ነበር፤ አሁን የሰፈሩ ሽማግሌ ናቸው። የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ለምን ድንጋይ ተሸካሚ ብቻ ይሆናል ብለው ወረዳ አቤት ብለዋል። የድርጅቱ መልስ ምን ቢሆን ጥሩ ነው? ከአካባቢው አምስት ባለሙያ ቀጥረናል!

«እነማን ናቸው ልጄ? አንድም አላየሁ» አሉኝ።

አሰብኩ። እትዬ የሺሐረግ፣ እኔ፣ ሻይ የምታፈላው፣ ሁለቱ ዕቃ አጣቢዎች... አምስት።

«እኛ ነን አባባ። ወጥ ቤቱ ነው።»

ከዘራቸውን መሬት ላይ ተከሉ። ከዚያ፣ «ሰኞ ስብሰባ አለ። ትናገሪያለሽ?»

እናገራለሁ።

ሰኞ፣ ጥቅምት 18

ተናገርኩ!

ሳይቱ ውስጥ አግዳሚ ተደርድሮ፣ የወረዳው ኃላፊ ከፊት። አሻግሬ ተነሥቶ አምስት ባለሙያ አለ። እጄን አወጣሁ።

«አምስቱ ይቁሙና ሰው ይያቸው።»

ሳቀ። «ወዲያ ያሉት እህቶቻችን ናቸው። ባለሙያ አይደላችሁም እንዴ? እጃችሁን እየበላን አይደል?»

ሕዝቡም ሳቀ። የገዛ ሰፈሬ ሰው! እዚያው ላይ እንባዬ ሊመጣ ነበር፤ ዋጥኩት። «እኔ ፌራዮ ነኝ» ብዬ ጮህኩ። «ይኸው ወጥ ቤት አስገብታችሁ በባለሙያ ቆጠራችሁኝ!»

እትዬ የሺሐረግ ብድግ አለች። ይቺ ሴትዮ ሳምንቱን ሙሉ ስትቆጣኝ ነው የከረመችው፤ አለቀልኝ አልኩ።

«ቆይ፣ ይቺን ልጅ ነው ባለሙያ ያላችሁት? እኔ በሙያዬ ስንት ሠርግ ያበላሁ ሴት ነኝ። ከእሷ ጋር እኩል አትቁጠሩኝ! ሽሮ ታሳርራለች፣ ሽንኩርት አታውቅም። ፌሮ ከቻለች ፌሮዋን ስጧትና ከድስቴ አንሱልኝ!»

አሁንማ ሳቁ ሌላ ሆነ። ወደ አሻግሬ ዞረ።

አባባ ቀጀላ ሳቁ እስኪያልቅ ጠብቀው ተነሡ። «ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁም። መሬታችን ላይ ነው ያላችሁት። ቅድሚያ ያላችሁን ለሸክም ከሆነ፣ ሸክም ብላችሁ ጥሩን። በባለሙያ ስም አትቁጠሩን።»

ሰዉ አጨበጨበ። የወረዳው ሰው አሻግሬን እያየ፣ «ይስተካከል» አለ። «ረዳት ሆና ትግባ» አለ አሻግሬ።

«ረዳት አልሆንም። ልጆችህን እንደምትፈትነው ፈትነኝ። ከወደቅኩ እሄዳለሁ።»

ይህን ያልኩት እኔ ነኝ? እኔ ነኝ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 20

ፈተነኝ። እንደማንኛውም ሰው። የምሰሶ ፌሮ አሰርኩ። በእግሩ ገፋ፣ በእጁ ነቀነቀ። አልተነቃነቀም። ሲሄድ፣ «ነገ በጊዜ ነይ።»

እንኳን ደስ አለሽ ያለኝ የለም። ልጆቹ ፊታቸውን አዞሩ። እትዬ የሺሐረግ ብቻ ሽሮ በእንጀራ ጠቅልላ አቀበለችኝ። «ብይ፣ ያልተቃጠለ ነው።»

ዓርብ፣ ጥቅምት 29

ትከሻዬ አለቀ። ከልጆቹ አንዱ ሽቦዬን ደበቀብኝ። ፈልጌ አገኘሁት፤ የእሱንም ጨምሬ ወሰድኩ።

እማ ዛሬም አላናገረችኝም። ግን ለእጄ ቅባት አስቀምጣልኛለች።

ሰኞ፣ ኅዳር 9

አንደኛ ፎቅ ላይ ፌሮ እየዘረጋን ነበር። ከላይ ሆኜ በሩ ይታየኛል። ወረዳው እንደገና ሰው ልኮ ሰልፍ ቆሟል። ከወንዶቹ መሃል አንዲት ሴት፣ ሻርፕ ያሰረች። አላውቃትም፤ ከታችኛው ሰፈር ትሆናለች።

ተራዋ ደርሶ አሻግሬ ፊት ቆመች። «ባለሙያ ነኝ» ስትል ሰማኋት።

እጄ ቆመ። አሻግሬ እጁን ወደ ወጥ ቤቱ አነሣ... ከዚያ ቀና ብሎ ወደ እኔ አየ። እኔን ምን ያየኛል? አፍ አላት! ፒንሳዬን እንደያዝኩ አፈጠጥኩበት። እጁን መለሰ።

«የምን ሙያ?» አላት።

«አናጢ ነኝ» አለች፣ እዚህ ድረስ በሚሰማ ድምፅ።