ለኮሚቴው የታረደችው በግ

ሚያዝያ 17፣ ጠዋት 3 ሰዓት

ጠረጴዛዬ ላይ ሦስት የተበላሹ ስልኮችና አንድ የመስጊድ ድምፅ ማጉያ። ማጉያው አልናገር ብሏል፤ የስልኮቹ ባለቤቶች ደግሞ አላቆም ብለዋል። ሰማዩ ዛሬም ጥርግ ያለ ነው። የበልጉ ዝናብ የካቲት ላይ ሁለት ቀን አካፍቶ ጠፋ። ገብሱ ስንዝር ሳይሞላ ቢጫ ሆነ።

አንቺ ደብተር፣ ትናንት አልጻፈብኝም ብለሽ አታኩርፊ። ከመካነ ሰላም ወደ ቆላው ጠርዝ ወርጄ ነበር፣ ታላቅ እህቴ እትዬ ዘሀራ ዘንድ። ምንጩ ጋ ሴቶች ከንጋት ጀምሮ ተሰልፈዋል። ውሃው በጣሳ እየተጠለቀ ነው፣ ግማሹ ጭቃ። እትዬ ያላት አንድ በሬ፣ አንድ ላምና አንዲት በግ። ላሟ ነጥፋለች። በሬውን ጠዋት ጠዋት በጭራው ይዘው ነው የሚያነሱት። እነዚህ ከሞቱ ልጇ ሰዓዳ ዐረብ አገር ትሄዳለች። ፓስፖርቷ ወጥቷል። ደላላው በየቀኑ ይደውላል። ልጅቷ መሄድ አትፈልግም፣ እናቷም አትፈልግም። የሚፈልገው ድርቁና ደላላው ብቻ ነው።

ዐረብኛሽ እንዴት ነው ብዬ ቀለድኩባት። "አጎቴ፣ ያንተን ቀልድ ከምሰማ የማዳም ጩኸት ይሻለኛል" አለችኝ። ደግ አደረገች።

ሚያዝያ 19፣ ከቀኑ 9 ሰዓት

ዜና! የክልል ም/ቤት አባላት ኮሚቴ ከነገ ወዲያ ይመጣል። ለመላው ክልል የሚሆን የድርቅ ረቂቅ አዋጅ አለ። ዘንድሮ ይጽደቅ ወይስ ይቆይ የሚለውን አይተው ሊያቀርቡ ነው።

ረቂቁን አንድ የማውቀው ባለሙያ አዋሰኝ፤ ሁለቴ አነበብኩት። ማንበብ የለመድኩት ስኳር በተጠቀለለበት የነጋሪት ጋዜጣ ወረቀት ስለሆነ የአዋጅ ቋንቋ አያስፈራኝም። ጥሩ ነገር አለው። ዝናብ በወቅቱ ከቀረ መኖና የውሃ ቦቴ ወዲያው ይላክ ይላል፣ ከብቱ ካለቀ በኋላ ሳይሆን። የየወረዳው ምንጭና ጉድጓድ ይመዝገብ፣ ጠባቂ ይኑረው፣ ዘር ቀድሞ ይቀመጥ ይላል። አሁን እኮ እያንዳንዱ ወረዳ ለየብቻው ደብዳቤ ጽፎ ይጠብቃል። ወግዲ ያለው ወዳጄ እነሱም ጽፈው እየጠበቁ መሆናቸውን ነገረኝ። ከአጅባር የመጣ የከብት ነጋዴም እንደዚያው። ማን አሳምሮ እንደሚለምን እየተወዳደርን ነው!

ኮሚቴው የሚያርፈው እትዬ ዘሀራ ቤት ነው፣ ግቢዋ ሰፊ ስለሆነ። ደወልኩላት። አፌ መቼ ያርፋል? "እትዬ፣ የክልል ሰው ሊመጣብሽ ነው። የዘሀራ ቤት ውሃ አጠጥቶ ሸኘን እንዳይሉ፣ የአባታችንን ስም አደራ!" አልኳት። ሳቅኩ። እሷ አልሳቀችም።

ሚያዝያ 22፣ ጠዋት 2 ሰዓት

መጥተው ሄዱ። እኔ ማጉያው ይዞኝ አልወረድኩም። ሰዓዳ በስልክ ነገረችኝ።

እናቷ በጓን አሳረደች። አንዲቷን በግ! ወተት ከሦስት ቤት አሰባሰበች። ለክርስቲያን እንግዶች አቶ ጌታሁን የሚባሉት ጎረቤቷ ዶሮ አርደው መጡ። በሬውን እንግዳ አይቶት እንዳይከፋው ብለው ከጓሮ ደበቁት። ምንጩ ጋ የነበረውን ሰልፍ በተኑት፣ በእንግዳ ፊት ለውሃ መጋፋት ነውር ነው ተብሎ። ዱዓ ተደረገ። መረቁ፣ ተመረቁ።

ችግር አለባችሁ ወይ ብለው ጠይቀው ነበር ወይ አልኳት። ጠይቀዋል። እናቷ "አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነን" ብላለች። አቶ ጌታሁን "ተመስገን ነው፣ ምንም አንል" ብለዋል።

ስልኩን ዘግቼ ማጉያውን በመፍቻ መታሁት። ተናገረ። ሰው እንዲህ ቢሠራልኝ።

ሚያዝያ 25፣ ከቀኑ 11 ሰዓት



ከተማው አዳራሽ ስብሰባ ነበር። የኮሚቴው ሰብሳቢ ያዩትን አነበቡ። ኅብረተሰቡ ወተትና ሥጋ እንደሚያገኝ ተመልክተዋል። ምንጩ ላይ መጨናነቅ የለም። ነዋሪው ደህና መሆኑን በራሱ አንደበት ገልጿል። ስለዚህ ረቂቁን ወደ ቀጣዩ ዓመት ማሻገር ይቻላል።

ተነሳሁ። አስተያየት በመጨረሻ ነው አሉ። መጨረሻው ሲደርስ ሰዓት አልቋል አሉ። እኔም ሳይፈቀድልኝ ጮህኩ፦ የጠጡት ወተት ከየትኛዋ ላም ታለበ? ሰብሳቢው ፈገግ ብለው "እሱንማ ላሟን ይጠይቁልኝ" አሉ። አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ሰው ማሳቅ ያደግኩበት ነው፤ መሳቂያ መሆን ግን እንዲህ እንደሚያቃጥል አላውቅም ነበር።

በር ላይ ጠብቄ ያዝኳቸው። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ያናደደኝም እሱ ነው። "አባቴ፣ ያየሁትን ነው የጻፍኩት። ያላየሁትን ልጻፍ?" አሉኝ። ነዋሪው ራሱ ጽፎና ፈርሞ ካቀረበ ጉባኤው ሳይጀመር ይታያል አሉ። ጉባኤው ግንቦት 6 ባሕር ዳር።

ከብት ስንት ቀን ሳይበላ እንደሚቆም የሚያውቅ አንድ ሰው እዚያ ወንበር ላይ የለም? ቀጣዩ ዓመት ማለት ለበሬ ምን ማለት ነው? እናንተ ለዓመት ቀጠሮ ስትይዙ እሱ ለነገ ጠዋት መነሳቱን አያውቅም!

ደግሞስ የማን ጥፋት ነው? ወተቱን ያሰባሰበው የኔ ምላስ ነው።

ሚያዝያ 27፣ ጠዋት 4 ሰዓት

ሦስት ወረቀት ቀደድኩ። የመጀመሪያው ስድብ ነበር፣ ሁለተኛው ልመና፣ ሦስተኛው ቀልድ። አራተኛው ደህና ነው። ያያችሁት ለእንግዳ ክብር ተበድረን ያቀረብነውን ነው ይላል። ረቂቁ ዘንድሮ ይጽደቅ፣ ለመላው ክልል ይሁን፣ መንገድ ዳር ያለውም ገደል ውስጥ ያለውም በአንድ ደንብ ይታይ ይላል። ይዤው ልወርድ ነው።

እዚያው ቀን፣ ከቀኑ 10 ሰዓት

ማንም አልፈረመም። አንድም ሰው!

አቶ ጌታሁን "ተበድረን" የሚለው ጋ ሲደርሱ እስክሪብቶዬን መለሱልኝ። እንግዳ ያበሉትን መቁጠር! እትዬ ዘሀራ ባሰች። "አንተ፣ የበላ ሰው ጉሮሮ ላይ ቆሜ 'ይቺ የኔ ናት' ልበለው? ሞቼ ነው!" ብላ ወደ በሩ አሳየችኝ።

ንዴት አሰከረኝ። "እንግዲያው ስምሽን ጠብቂ፣ ልጅሽን ላኪ" አልኳት። ሰዓዳ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ዳገቱን ስወጣ ወደ ኋላ አልዞርኩም፣ ፊት የለኝም።

ሚያዝያ 30፣ ጠዋት 1 ሰዓት

በሬው ሞተ።

ሰዓዳ ናት የደወለችው። ከዚያ ደላላው ቀን እንደቆረጠላት ነገረችኝ። ግንቦት 7 አዲስ አበባ ቢሮው እንድትገኝ። አብሽሪ፣ አይዞሽ አልኳት። አብሽሪ! እኔም ከሰብሳቢው አልሻልም። ሱቁን ዘጋሁ።

ግንቦት 3፣ ጠዋት 5 ሰዓት

እትዬ ዘሀራ ሱቄ መጣች። ዳገቱን በእግሯ ወጥታ። ሻይ አዘዝኩላት፣ አልነካችውም። አፉ በይኝ አልኳት። "አፉ ብያለሁ፤ ደብዳቤውን አንብብልኝ" አለች።

አነበብኩ። "ተበድረን" የሚለውን ሰርዝ አለችኝ። በቃ፣ ደብዳቤውን ልታስቀረው ነው አልኩ። አልነበረም። በአንድ ቃል አትለፈው፣ ዘርዝረህ ጻፈው ነው የምትለው። ወተቱ ከማንና ከማን ቤት እንደመጣ፣ በጓ አንዲት ብቻ እንደነበረች፣ በሬው የት እንደተደበቀ፣ እንግዶቹ ከሄዱ ስንት ቀን ቆይቶ እንደሞተ። ሦስቱን ቤት ዞራ አስፈቅዳለች። አንደኛዋ ሴት አልቅሳባታለች፣ ግን ስሜን ጻፉ ብላለች። አቶ ጌታሁን ስለ ዶሮዋም ይጻፍ ብለዋል፤ ለልጃቸው አራስነት የተቀመጠች ነበረች።

ጻፍኩ። አውራ ጣቷን በቀለም ነክራ ጫነች። ጣቷን ረጅም ጊዜ አላነሳችውም።

ግንቦት 4፣ ከቀኑ 8 ሰዓት

ሃያ ስድስት ፊርማና አሻራ። ደብዳቤውን እኔ አደርሳለሁ ብዬ ነበር። እትዬ አይሆንም አለች። "አንተ ስትናገር ሰው ይስቃል፣ እኔ ነኝ ያበላሁ፣ እኔ ነኝ የምናገር።" እኔ መንገድ አሳያለሁ፤ ሰዓዳም አብራን ትሄዳለች። ለደላላው ደውላ ግንቦት 7 አልደርስም አለችው። ጮኸባት፣ ሌላ ሴት እተካለሁ አላት። ተካ አለችው። ጉባኤው እንቢ ካለ ግን መሄዴ አይቀርም አለችኝ፣ ዓይን ዓይኔን እያየች። ያኔ ምን እንደምላት አላውቅም።

አውቶብሱ ነገ ጠዋት 12 ሰዓት ይነሳል። በአባይ ድልድይ፣ በመርጡለ ማርያም አድርገን ባሕር ዳር። ሦስት ሰው፣ አንድ ደብዳቤ።

የም/ቤቱ ጥበቃ ቀጠሮ አላችሁ ወይ ብሎ ቢመልሰንስ አልኳት። እትዬ ነጠላዋን አስተካከለች።

"እነሱ ቤቴ ሲመጡ ቀጠሮ ጠይቄያቸዋለሁ?"